«አሁን ልቀመጥ ነው»

መምህር ይበልጣል ተለዩን። ይህን ያረዱኝ የኮሌጃችን ዘበኛ አያ ጫኔ ናቸው። ሰኞ ጠዋት የግቢውን በር ከፍተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ጨከን በል፤ መምህር ሄደዋል» አሉኝ። እኔም እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ፣ የሰው ልጅ ረጋፊ መሆኑን የሚገልጽ ተገቢ ቃል ስፈልግ ጥቂት ቆየሁና «መቼ?» አልኋቸው።

«ትናንት፣ በሚኒባስ።»

«በሚኒባስ?»

«ወደ ዳንግላ ነዋ! ኮሌጁ እዚያ ቅርንጫፍ ከፍቶ የለም? አልጋቸውን ሳይቀር ጭነውታል።»

የማይረሳ ሰው የሚባለው፣ በጽሑፍ በሚነሣበት ጊዜ፣ አስቀድሞ ሞቶ መገኘት እንዳለበት አውቃለሁ፤ በዚህ ረገድ ያነበብሁት ጥቂት አይደለም። መምህር ይበልጣል ግን በሕይወት አሉ። ይህን ወግ ያፈረስሁት እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው። የአያ ጫኔ የሐዘን ፊት እንኳ የእሳቸው ሥራ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። «ሊቀ ጠበብት ሰኞ ሲመጣ ባርኔጣህን አውልቀህ አርዳልኝ፤ የሚለውንም ስማልኝ» ብለዋቸው ኖሯል። ሊቀ ጠበብት የሚሉት እኔን ነው። ማዕረጉን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ የሰጡኝም በክብር አይደለም።

እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ዳታቤዝ ያስተምሩ ነበር። እኔም በዚያው ክፍል መምህር ስሆን፣ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛቸው ጋር ፊት ለፊት ነበር። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከግቢው ማዶ ይሰማል። ከጉሙና ከብርዱ የተነሣ በጋም ክረምትም የማያወልቁት ሰፊ ካፖርት ነበራቸው፤ ተማሪዎች «መምህሩ ከካፖርቱ ውስጥ ናቸው ወይስ ካፖርቱ ብቻውን ነው የመጣው?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

በከተማው ሁሉ የታወቁት ግን በአንድ ልማድ ነው። ማናቸውንም ነገር ከማድረጋቸው በፊት፣ ሊያደርጉት መሆኑን ጮክ ብለው ይናገራሉ። «አሁን ልቀመጥ ነው» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። «አሁን መስኮቱን ልከፍት ነው» ይላሉ፤ ይከፍታሉ። በስብሰባ መካከል «አሁን ልቃወም ነው» ብለው ይነሡና ይቃወማሉ። ማስነጠስ ሲመጣባቸው እንኳ «አሁን ላስነጥስ ነው» ብለው ካስታወቁ በኋላ አፍንጫቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው ይጠብቃሉ። ማስነጠሱ ሐሳቡን ለውጦ የቀረ እንደ ሆነ፣ ያለ ምንም እፍረት «ተሰርዟል» ብለው ወደ ነገራቸው ይመለሳሉ።

አዲስ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ መሳቅ ከጠባዬ ጋር ብዙም አይስማማም። ከልማዱ ጀርባ ያለውን ምክንያት ለመረዳት ግን ክፍላቸው ገብቼ አዳምጬአለሁ።

«ዳታቤዝ ጨዋ ሰው ነው» ይሉ ነበር። «ጨዋ ሰው ዘሎ አያደርግም። መጀመሪያ 'ይህን ላደርግ ነው' ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ያደርጋል። ያ ጽሑፍ ሎግ ይባላል። በመካከል መብራት ቢጠፋና ቢወድቅ፣ ሲነሣ ሎጉን ያነብባል፤ ቃል የገባበትን ይፈጽማል፣ ቃል ያልገባበትን ይሰርዛል። ሳይጽፍ የሚያደርግ ግን፣ ጠላ ቤት እንዳመሸ ሰው፣ 'ማታ ምን አድርጌ ነበር?' እያለ ጎረቤት ሲጠይቅ ይውላል።»

«ሎጉስ የት ይጻፋል?» አለ አንድ ተማሪ።

«መጨረሻው ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ ግን ሩቅ አገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቃል እየሮጡ ቢሄዱ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ቃሉ እስኪላክ ድረስ በማሽኑ ትዝታ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ መጠራቀሚያ ባፈር ይባላል።»

«መምህር፣ ትዝ ካለው ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«አሁን ችግሩን ላሳይህ ነው» አሉ። ተማሪዎቹን ሁሉ ብዕር አስጣሏቸውና የፈረስ ስሞች በቃል ነገሯቸው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ እያሉ ደረደሩ። «ያዛችሁ?» «ይዘናል!» «በደንብ?» «በደንብ!» በዚህ ጊዜ ካፖርታቸውን አራገፉ። ምልክቱ ይህ ነበርና፣ አያ ጫኔ ከዘንገና ወደ ሥራ የሚመላለሱበትን ፈረስ በልጓሙ ይዘው በክፍሉ መስኮት አንገቱን አስገቡት። ፈረሱም ከፊት ወንበር ላይ በነበረች ልጅ ጆሮ ሥር አሽካካ። ክፍሉ ተተራመሰ፤ ወንበር ተገለበጠ፤ አንዱ በበሩ ወጥቶ እስከ መንገድ ድረስ ሮጠ።

ጸጥታው ሲመለስ መምህር ይበልጣል በእርጋታ «የመጀመሪያው ፈረስ ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

አንዱ ልጅ መስኮቱን እያየ «አሁን የገባው?» አለ።

«ባፈር ማለት ይህ ነው» አሉ።

ባፈሩ መቼ እንደሚራገፍ ያስተማሩት ደግሞ በመናኸሪያ ምሳሌ ነው። ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ጭኖ ዳንግላ ደርሶ ቢመለስ አያዋጣውም፤ ስለዚህ ይጠብቃል። ሲሞላ ይነሣል፤ ባይሞላም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። «ወይም ደግሞ» ይላሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አንድ የቸኮለ ሰው ይመጣና 'የባዶውን ወንበር እኔ እችላለሁ፤ ንዳው!' ይላል። ያ ሰው ኮሚት ይባላል። በእሱ ችኮላ የተሳፈሩት ሁሉ አብረው ይደርሳሉ። ልብ አድርጉ ግን! ኮሚት 'ደረስሁ' የሚለው ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አይደለም፤ ዳንግላ ወርዶ ሲደውል ነው። መናኸሪያ ተቀምጦ ለእናቱ 'ደርሻለሁ' ብሎ የሚደውል ሰው ምን ይባላል?»

«ውሸታም!» ይላል ክፍሉ።

«ዳታቤዝ አይዋሽም። እንዲዋሽ ካላዘዛችሁት በቀር።»

ኮሌጁ ዳታቤዙን ወደ ክላውድ ያዛወረውም በዚያው ሰሞን ነው። ይኸውም መረጃችን ከሬጅስትራር ቢሮ ጥግ ካለችው ኮምፒውተር ወጥቶ፣ ባሕር ማዶ በኪራይ በተያዘ ሰርቨር ላይ ሰፈረ ማለት ነው። መምህር ይበልጣል በዚህ እንደ ሕፃን ተደሰቱ። «እዚያ ሎጉ ለሦስት ቦታ ይላካል» አሉኝ። «ሦስቱም የተራራቁ ሕንፃዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ 'ደርሶኛል' ካሉ ነገሩ ጸንቷል፤ ሦስተኛው ሲመቸው ይደርሳል።»

«ስለ ምን ተራራቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሊቀ ጠበብት፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ሦስት ቅጂ ያስቀመጠ ሰው፣ ጎጆው ሲቃጠል ሦስት ጊዜ ያለቅሳል።»

እንዲህ ሁሉን አስቀድመው የሚናገሩት ሰው፣ አስቀድመውም ሆነ ዘግይተው መናገር ያቃታቸው አንድ ነገር ነበረ።

የሬጅስትራሩ ኃላፊ ወይዘሪት ትርንጎ ትባል ነበር። የግምጃ ቤት ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ቢምረው እዚያው የታወቁ ገበሬ ናቸው። ሥራዋ የተስተካከለ፣ አንደበቷ የተሳለ ነው። መምህር ይበልጣል በየቀኑ በመስኮቷ ሲያልፉ ቆም ይላሉ። «ወይዘሪት ትርንጎ፣ አሁን አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» ይላሉ። እሷም ብዕሯን አስቀምጣ ትጠብቃለች። እሳቸው አፍንጫቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው፣ ልክ ማስነጠሱን እንደሚጠብቁት ሆነው ይቆማሉ። ከዚያ «ተሰርዟል» ብለው ይሄዳሉ።

«ይማርዎ፣ መምህር» ትላቸዋለች ከኋላቸው።

ይህ ሦስት ዓመት ቆየ። በግቢው ውስጥ ያልተረዳ አልነበረም፤ አያ ጫኔ «ያ ነገር ዛሬም አልወጣቸውም?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ነገሩን ወደ ፍጻሜው የገፋው የምዝገባ ቀን ነው። ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል፤ ኔትወርኩም እንደ ልማዱ ይንቀረፈፋል። እያንዳንዱ ምዝገባ ከባሕር ማዶ «ደርሶኛል» እስኪባል መጠበቅ የኮሌጁን ዲን አናደዳቸው። ሥርዓቱን ለዘረጋው ሰው አዲስ አበባ ደውለው «መጠበቁን አስቀርልኝ» አሉት። ይህ ይቻላል፤ ዳታቤዙ ቃሉ ገና ባፈር ላይ ሳለ «ተመዝግቧል» እንዲል ማዘዝ ይቻላል።

«አሁን ልቃወም ነው» አሉ መምህር ይበልጣል።

«ይቃወሙና እንለፍ» አሉ ዲኑ።

ተቃወሙ፤ ተሸነፉም። ሰልፉ እንደ ውኃ ይፈስስ ጀመር። ዲኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በግቢው ተንጎራደዱ። እኩለ ቀን ላይ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር ድንገት ወድቆ ተነሣ። ሲነሣም ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ የተመዘገቡትን ልጆች ፈጽሞ አላውቃቸውም አለ። «ተመዝግበዋል» የሚል ወረቀት የያዙ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ ከአዘና ድረስ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት «ወረቀቱ ውሸታም ነው ወይስ አንቺ?» ብላ ትርንጎን ጠየቀቻት። ትርንጎ እያንዳንዱን ልጅ ከያዘው ወረቀት እያየች እንደ ገና መዘገበች፤ ስትጨርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። መጠበቁም በማግስቱ ተመለሰ።

ዓርብ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ፣ መምህር ይበልጣል ድል ያደረገ ሰው ደስታ ተሰምቷቸው ነበር። «አልነገርኋችሁም?» አሉ። «ባፈር ላይ ያለ ቃል ዲስክ እስኪነካ የማንም አይደለም! መብራት ሲጠፋ የት ይገኛል?»

ትርንጎ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ባፈር ላይ የተቀመጠ ነገር ምን ይባላል?»

ዲኑ እንኳ ስኳር ማማሰላቸውን ተዉ።

«አንድ የዳንግላ ነጋዴ ለአባቴ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ» አለች። «አባቴ ደግሞ ጠባያቸው የታወቀ ነው። ቀድሞ በራቸውን ላንኳኳ፣ ሰውየው ደኅና ከሆነ፣ ቃል ይሰጣሉ፤ የሰጡትን ቃል አያጥፉም። እኔም አባቴን አላሳፍርም።» ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «መብራቱ እሑድ ይጠፋል ማለቴ ነው፣ መምህር።»

እሷ ወጣች። የመምህር ይበልጣል አፍንጫ ወደ ጣሪያው ቀና ማለት ሲጀምር ሁላችንም «ተሰርዟል» የሚለውን ጠበቅን። «አሁን…» አሉ፤ «አሁን ልሮጥ ነው።» ሮጡም። ካፖርታቸው በሩ ላይ ተያዘ፤ ጥለውት ሄዱ።

ማታውኑ መኖሪያዬ መጡ። «ሦስት ሽማግሌ ያስፈልገኛል» አሉ፤ «ሦስቱም ከተራራቀ ቦታ። ሚኒባስ ቢበላሽ፣ ወንዝ ቢሞላ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ይደርሳሉ። አያ ጫኔ ከዘንገና በፈረስ ይመጣሉ። የንስሐ አባቴ ቄስ እንየው ከአዘና ይመጣሉ። ከእንጅባራ አንተ ትሄዳለህ።»

ሽማግሌነት በዕድሜና በአእምሮ ብስለት የሚገኝ ማዕረግ እንጂ በመልካም ፈቃድ የሚታደል አለመሆኑን በዝርዝር አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ፊትህ ግን ስድሳ ሞልቶታል። እንዲህ ያለ ፊት በከንቱ አይሰጥም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እንዲያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ሊቀ ጠበብት፣ ለእኔ ይህ ቀልድ አይደለም። 'ደርሶኛል' የሚል ቃል እስክትልክልኝ ድረስ አልቀመጥም።»

እሑድ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ መናኸሪያ ደረስሁ። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር ተሳፋሪው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ነው። የግምጃ ቤቱ ሚኒባስ ውስጥ እኔና አንድ ከረጢት ድንች ብቻ ነበርን፤ የድንቹም ባለቤት አልነበረም።

«መቼ እንነሣለን?» አልሁ ረዳቱን።

«ሲሞላ ነዋ፣ አባባ።»

አባባ መባሌን ለጊዜው እንደ በጎ ምልክት ቆጠርሁት። ቆየን። አንዲት ሴትዮ መጥታ ድንቹን ወስዳ ሄደች፤ ከነበርነው በታች ሆንን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በመንገዱ ላይ መታየት ሲጀምር፣ የነጋዴው ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት ከዳንግላ ተነሥተው ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በዚህ ጊዜ፣ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቅ ሰው፣ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ራሴም ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«የባዶውን ወንበር እኔ እችላለሁ፤ ንዳው!»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። «አባባ፣ ቤት እየተቃጠለ ነው እንዴ?»

«ኮሚት ነኝ» አልሁት። ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቀኝም፤ ነዳው።

ከአቶ ቢምረው ደጃፍ ስደርስ አያ ጫኔ ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ አስረው ቆመው ነበር። ፈረሱ ላብ በላብ ነው፤ የበዓል ኮርቻ ተጭኖለታል። «ቄሱስ?» አልኋቸው። «ቀብር ገጠማቸው አሉ፤ አልደረሱም» ብለው መለሱልኝ። የነጋዴው ሰዎች ግን ገና አልመጡም። ገባን።

አቶ ቢምረው ረጅም፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን።

«ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ ጫኔ። «ልጅዎን ይስጡን ብለን አልመጣንም፤ ልጅ እንስጥዎ ብለን ነው የመጣን።» ከዚያ የመምህር ይበልጣልን ዘር፣ ሥራና ጠባይ በተራ ዘረዘሩ፤ ማስነጠሱን በጥበብ ዘለሉት።

አቶ ቢምረው ሰሙ፤ ከዚያ እኔን አልፈው ወደ በሩ አዩ። «እርስዎን ሰማሁ። ሁለተኛው ሽማግሌ የታለ?»

«ይኸው» አሉ አያ ጫኔ።

«ይህ? ይህ ገና ጢሙን አልጨረሰም!»

«ፊቱን ይዩት እንጂ፣ ጌታዬ።»

«አየሁት። ግን እኮ ነገር በሁለት ምስክር ነው የሚጸና። እኔ ሕፃን ቆጥሬ ቃል ብሰጥ፣ ነገ የግምጃ ቤት ሰው ምን ይለኛል?» ጢማቸውን ዳበሱ። «እስቲ አንድ ጨዋታ ልንገርህ፣ ልጄ።»

እናም ነገሩኝ። አንድ ጎረቤታቸው አዘና ገበያ ሄዶ፣ እንደ ቁራ የጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅ ጉራቻ ፈረስ ገዝቶ በደስታ ሲመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ፈረሱ መጀመሪያ ከጆሮው ነጣ፤ ቀጥሎ ከአንገቱ ነጣ፤ የሰውየው ሱሪ ደግሞ ጠቆረ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ደጃፍ ላይ «ፈረሱ የታለ?» ብትለው፣ ወርዶ አየና «ወይኔ! በመንገድ ለውጠውብኛል!» ብሎ፣ በዚያው ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጥቁሩን ፈረስ ሊፈልግ ወደ ገበያ ጋለበ።

አያ ጫኔ በሳቅ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፤ አንቀመጥም ያሉትን ረስተውታል። ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ የትርንጎ የታፈነ ሳቅ ይሰማል። አቶ ቢምረው ራሳቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ይሁንና በአንድ ዓይናቸው እኔን ያያሉ።

እኔ ነገሩን ሳሰላስል ነበር። «ጥፋቱ የገዢው ይመስለኛል» አልሁ። «ከመግዛቱ በፊት ፈረሱን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይገባው ነበር።»

አቶ ቢምረው አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እውነትም! ይህ ሰው ሳይወለድ ሸምግሏል። ሁለት ናችሁ!» ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሉ ሰማን።

«ሁለቱ ከደረሱ ይበቃል፣ አባባ» አለች።

ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር፤ ሳቁ ሄዶ ሌላ ነገር ተተክቶበታል። «ቃላችሁን ተቀብያለሁ፤ ቃሌንም ሰጥቻለሁ» አሉ። «ሠርጉ በጊዜው፣ ሲመቸን ይሆናል። ቃሉ ግን ካሁን ጀምሮ ጸንቷል።» ዳታቤዝ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ግን እኔ ይህን ትምህርት ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ያህል ተሰምቶኛል። የተጻፈው ቃል ነው የሚጸናው፤ ሥራው በዝግታ ይከተላል።

ደጃፍ ላይ መኪና ቆመ። ከዳንግላ የመጡ፣ ባለ ካባ፣ የተከበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ። አቶ ቢምረው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው። «እንኳን ደኅና መጣችሁ! ቀድሞ የገባ ቃል አለ፤ እናንተ ግን ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም» አሉ።

በቤቱ አካባቢ ኔትወርክ አልነበረም። ነጠላዬን ሰብስቤ ከጓሮው ድንጋይ ካብ ላይ ወጣሁ፤ ያ አልበቃ ቢል አያ ጫኔ ፈረሱ ላይ አወጡኝ። ኮርቻ ላይ ቆሜ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ደወልሁ።

«መምህር?»

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። «ቆሜአለሁ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ከማለዳ ጀምሮ በኮሌጁ ግቢ ቆመው ውለዋል።

«ደርሶኛል ብለዋል።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ሁለት። ቄሱ አልደረሱም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ ያ ከግቢ ማዶ የሚሰማው ድምፅ፣ አሁን ግን ተሰባብሮ፣ «አሁን ልቀመጥ ነው» አለ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ቄስ እንየው ሰኞ ረፋድ ላይ ደረሱ። ያለፈውን የነገራቸው ስላልነበረ፣ ከአቶ ቢምረው ደጃፍ ቆመው፣ ባርከው፣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው አንሥተው እስከ መጨረሻው አቀረቡ። አቶ ቢምረውም ካህን ማቋረጥ ነውር ነው ብለው፣ እንደ አዲስ ነገር በጥሞና ሰምተው፣ «አባቴ፣ እናስብበት» አሉ። ቄስ እንየው ይህንኑ በስልክ አስተላለፉ። መምህር ይበልጣል ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ቆመው እንዳስተማሩ፣ ትርንጎም በመስኮቷ አጠገብ ሲያልፉ «መምህር፣ ሦስተኛው እኮ ሁልጊዜ ይዘገያል» ብላ እንዳስቀመጠቻቸው የታወቀ ነው።

እንግዲህ ተጋብተው ሁለቱም ወደ ዳንግላ ሄደዋል። ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ አሁን መስኮቱ ሊከፈት መሆኑን የሚነግረኝ የለም። ክፍሉ ውስጥ ነገሮች ዝም ብለው ይሆናሉ። በር ይከፈታል፤ ሰው ይቀመጣል፤ ማስነጠስም ሳይታወቅ ይመጣል። ይህ ሥርዓት አልባነት ያስጨንቀኛል።

ትናንት ስልኬ ጮኸ።

«ሊቀ ጠበብት» አሉ፤ «አሁን አባት ልሆን ነው።»

«አሁን?»

«ገና ወራት አሉት። ግን አስቀድሞ መነገር የለበትም?»

ተገቢ መሆኑን አረጋገጥሁላቸው። «ሌላስ ማን ሰምቷል?»

«አያ ጫኔ ደርሶኛል ብለዋል። ቄስ እንየው ጋ ኔትወርክ የለም።»

«ለእኔም ደርሶኛል» አልኋቸው። «ሁለት ሆነናል፤ ይበቃል።»

«ይበቃል» አሉ። ከዚያ «አሁን ስልኩን ልዘጋ ነው» ብለው ዘጉት።

ብቻዬን ነበርሁ። ባዶውን ጠረጴዛ እያየሁ ጥቂት ቆየሁ። ድንገት፣ ይህን ያህል ጊዜ የት እንደ ተቀመጠ አላውቅም፣ ያ ሰውዬ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ፈረሱን ሊፈልግ ሲጋልብ ታየኝ። ሱሪው ጠቁሯል።

«አሁን ልስቅ ነው» አልሁ ጮክ ብዬ።

ሳቅሁም።